ከጣሪያ የተንጠለጠለው ዘንዶ

የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ተወልዳ ያደገችው ቪየና ነው። አማርኛ የምትሰማው ከእናቷና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአዲስ አበባ በስልክ ተረት ከምትነግራት አያቷ ነው። ያቺ አያት የእኔ እናት ናት።

ባለፈው ጥቅምት እናቴ ደወለችልኝ። ድምፅዋ እንደ ወትሮው አልነበረም።

"ልጅቷን ምን ነካብኝ?" አለች። "ተረት ልንገርሽ ስላት 'የቤት ሥራ አለብኝ' ትለኛለች። ይኸው ሦስተኛ ቅዳሜዋ። አስቀይሜያት ይሆን?"

እህቴን ስጠይቃት ነገሩ ወጣ። ትምህርት ቤት ውስጥ እያንዳንዱ ልጅ ከወላጆቹ አገር አንድ ታሪክ ይዞ እንዲመጣ ተነግሮ ነበር። የእኛዋ ልጅ አያቷ የነገረቻትን የአርዌን ታሪክ ይዛ ሄደች። "ድሮ ድሮ አክሱምን የገዛው ንጉሥ ዘንዶ ነበር" ብላ ስትጀምር ክፍሉ በሳቅ ሞላ። አንዱ ልጅ "እሳት ይተፋል?" አላት። ሌላው "ክንፍስ አለው?" አላት። ሦስተኛው ደግሞ "እኛ የተባልነው ታሪክ ነው፤ ይሄ ተረት ነው" አለ። እቤት ስትገባ ቦርሳዋን ጥላ "እማማ የነገረችኝ ውሸት ነው" አለች። ከዚያ ቀን ወዲህ የቅዳሜው ስልክ ሲጮህ ወደ ክፍሏ ትገባለች።

እኔ የምኖረው ብርኖ ነው። ብርኖ ከፕራግ ቀጥላ የቼክ ሁለተኛዋ ትልቅ ከተማ ናት፤ ከቪየና በባቡር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ታስኬዳለች። ለሁለተኛ ዲግሪ መጥቼ፣ ከዚያ የሶፍትዌር ሥራ አግኝቼ፣ እዚያው ቀረሁ። ብርኖ ደግሞ ዘንዶ አላት። ለዓመታት ከሥሩ ሳልፍ ቀና ብዬ እንኳ አላየውም ነበር። ያን ቀን ግን ትዝ አለኝና እህቴን "ልጅቷን ቅዳሜ ይዘሻት ነይ" አልኳት።

ከባቡር ስትወርድ የመጀመሪያ ጥያቄዋ "አጎቴ፣ ምን ልታሳየኝ ነው?" የሚል ነበር።

"ዘንዶ።"

"እውነተኛ?"

"አንቺው አይተሽ ትነግሪኛለሽ።"

ከጣቢያው ወደ መሀል ከተማ በእግር ጥቂት ደቂቃ ነው። በስተግራ ኮረብታ ላይ የቅዱስ ጴጥሮስና የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ሁለት ሹል ማማዎቹን ሰቅሎ ቆሟል። ስንሄድ ደወሉ መደወል ጀመረ። ልጅቷ ስልኬን አየች። በአውሮፓ አቆጣጠር 11 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት። ደወሉ ግን የቀትርን፣ ማለትም የ6 ሰዓቱን ደወል ነው የሚደውለው። በዚህች ከተማ ቀትር የሚደወለው በየቀኑ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው።

ለምን? እ.ኤ.አ. በ1645 የስዊድን ጦር ብርኖን ከቦ ነበር። የስዊድኑ ጄኔራል "እስከ ቀትር ድረስ ካልያዝኳት ትቼ እሄዳለሁ" አለ ይባላል። የከተማው ሰዎች ይህን ሰሙና ደወሉን አንድ ሰዓት ቀድመው ደወሉት። ጄኔራሉም ቃሉን ጠብቆ ሄደ። ከበባው በእርግጥ ተደርጓል፤ ብርኖም አልተያዘችም። የደወሉ ነገር ግን አፈ ታሪክ ነው።

"ደወሉም ይዋሻል ማለት ነው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። "ነይ እንሂድ" አልኳት።

አሮጌው ማዘጋጃ ቤት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በሩ ላይ ከድንጋይ የተቀረጹ አምስት ሹል ጌጦች አሉ፤ መካከለኛው ጠማማ ነው። ቀራጩ አንቶን ፒልግራም የተስማማበትን ገንዘብ ስላልከፈሉት ሆን ብሎ አጣመመው እየተባለ ይወራል። (ብርኖ ውስጥ ወሬ የሌለው ድንጋይ የለም።) በበሩ ስትገቡ ጣሪያው ቅስት የሆነ መተላለፊያ አለ። ግድግዳው ላይ አንድ ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ተሰቅሏል። ከሌድኒሴ የመጣ አንድ ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ1636 በአንድ ቀን ዛፍ ቆርጦ፣ መንኮራኩር ሠርቶ፣ 50 ኪሎ ሜትር ያህል እያንከባለለ እዚህ አድርሶታል ይባላል። ልጅቷ መንኮራኩሩን አላየችውም። ቀና ብላ ቆማ ቀርታለች።

ከጣሪያው የተንጠለጠለው ጥቁር ቡናማ ነው። ረጅም አፍ፣ አጫጭር እግሮች፣ ወፍራም ጭራ አለው። ቆዳው ደርቆ እንደ አሮጌ ጫማ ሆኗል።

"አዞ ነው!" አለች። ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። "ዘንዶ ነው አልከኝ እኮ።"

"የከተማው ሰው ዘንዶ ነው የሚለው። በቼክ ቋንቋ 'ድራክ' ይሉታል።"

"ግን አዞ ነው።"

"አዞ ነው።"

"ስለዚህ እነሱም ይዋሻሉ።"

እህቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ይህን ያህል መንገድ ያመጣኸን ለዚህ ነው? ማለቷ ነበር። እኔ ግን የቀረው ታሪክ ነበረኝ፤ እዚያው ከአዞው ሥር ቆመን ነገርኳት።

ድሮ በብርኖ ወንዝ አጠገብ አንድ ዘንዶ ነበር አሉ። ከብት ይበላል፤ ሰው ይበላል። ሰው ወደ ውሃው መውረድ ፈራ። ሊገድለው የሚችል ጀግና ጠፋ። በመጨረሻ አንድ ሥጋ ሻጭ ዘዴ አመጣ። የበሬ ቆዳ ወስዶ ውስጡን በኖራ ሞላውና ሰፋው። ኖራ ማለት ነጭ ድንጋይ በእሳት ተቃጥሎ የሚገኝ ነገር ነው፤ ለግንባታ ይውላል። ውሃ ያልነካው ኖራ ውሃ ሲያገኝ እንደ ድስት ይፈላል፤ በጣምም ይሞቃል። ዘንዶው በሬ መስሎት ዋጠው። ከዚያ ጠማው። ወደ ወንዙ ወርዶ ጠጣ፤ ደግሞም ጠጣ። ሆዱ ውስጥ ኖራው ፈላ። ዘንዶውም ፈንድቶ ሞተ።

ልጅቷ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፣ በጣም ቀስ ብላ፣ "ፍየሏ" አለች።

"የቷ ፍየል?"

"የእማማ ፍየል! አርዌንም እንደዚህ ነው የገደሉት። አንጋቦ ለፍየሏ መርዝ አበላት፤ ፍየሏን አርዌ በላት፤ ከዚያ ሞተ!"

እኔ አልነገርኳትም። ራሷ ነች ያገኘችው።

የአርዌን ታሪክ ለማታውቁ፣ ወይም ረስታችሁት ከሆነ፣ ባጭሩ እንዲህ ነው። አርዌ አክሱምን ይገዛ የነበረ ዘንዶ ነው። "አርዌ" በግእዝ አውሬ ማለት ነው። ሕዝቡ ከብትና ልጃገረድ ይገብርለት ነበር። አንጋቦ የሚባል ሰው መጣና በተመረዘ ፍየል ገደለው። ሕዝቡም አንጋቦን አነገሠው። ልጁ ማክዳ ናት፤ ንግሥተ ሳባ የምንላት። ይህ ታሪክ በሸራ ላይ እንደ ፊልም በተርታ ተስሎ ይሸጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ 44 ትንንሽ ሥዕሎች አሉት። ምናልባት እናንተም ቤት፣ ወይም የምትሄዱበት የሐበሻ ምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ይኖራል። የመጀመሪያዎቹን ሥዕሎች ተመልከቱ፤ ዘንዶውና ፍየሏ እዚያ ናቸው።

ብርድ ስለነበረ ወደ ካፌ ገባን። ልጅቷ ትኩስ ቸኮላት አዘዘች፤ እኔና እህቴ ቡና። ጥያቄው ግን አልቆመም። "ማን ከማን ቀዳ?" አለች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ፣ ክፍል ውስጥ መቅዳት ክልክል እንደሆነ በደንብ ታውቃለች።

ሥራዬ የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፍ ነው። አንድ ስህተት ሁለት ቦታ ላይ በአንድ ዓይነት መልክ ከታየ፣ ሁለቱም ከአንድ የቆየ ጽሑፍ የመጡ ናቸው ብዬ መፈለግ ልማዴ ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ሄድን። በፖላንድ፣ በክራኮቭ ከተማ፣ ስኩባ የሚባል ጫማ ሰፊ በግ ውስጥ ድኝ ጨምሮ ለዘንዶ ሰጠው ይባላል። ያም ዘንዶ የቪስቱላን ወንዝ ጠጥቶ ጠጥቶ ፈነዳ። ከዚያም በጣም የቀደመ አለ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ተረፈ ዳንኤል የሚባል ክፍል አለ። እዚያ ባቢሎናውያን አንድ ዘንዶ ያመልካሉ። ነቢዩ ዳንኤል ዝፍት፣ ስብና ጠጉር ቀቅሎ፣ ጋግሮ ያበላዋል። (ዝፍት ማለት እንደ አስፋልት ጥቁርና የሚያጣብቅ ነገር ነው።) ዘንዶውም ይፈነዳል። ይህ የተጻፈው ከክርስቶስ ልደት በፊት ነው። አክሱምም፣ ክራኮቭም፣ ብርኖም ዳንኤልን የሚያነብቡ ክርስቲያኖች ከተሞች ናቸው።

"ስለዚህ እማማ ከዳንኤል ነው የቀዳችው?" አለች።

"ሊሆን ይችላል። ግን ሌላም ነገር አስቢ። ፍየል ከነነፍሷ የሚውጥ እንስሳ ቢያጋጥምሽ፣ ጦር ብትፈሪ፣ ምን ታደርጊያለሽ?"

አሰበች። "ፍየሏ ውስጥ አንድ ነገር እከታለሁ።"

የእኔም ግምት ይኸው ነው። እረኞች ከብት ለሚበላ አውሬ የተመረዘ ሥጋ ማስቀመጥ በብዙ አገር ያውቁበታል። ይህን ለማሰብ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም።

አዞው ግን ከየት መጣ? ብዙ ጊዜ የሚነገረው፣ እ.ኤ.አ. በ1608 ኋላ ንጉሠ ነገሥት የሆነው ልዑል ማቲያስ ለሞራቪያ መኳንንት ሰጠው፤ እሱም ያገኘው ከቱርኮች ነው የሚል ነው። በዚያን ጊዜ ቱርኮች ግብፅን ይገዙ ነበር። ግብፅ ደግሞ የአዞ አገር ናት። አዞ አይቶ የማያውቅ የብርኖ ሰው ይህን ጥርስና ይህን ጭራ ሲያይ ምን ይበል? በእርሱ ቋንቋ ለዚህ መልክ የሚሆነው ቃል አንድ ብቻ ነበር። ታሪኩ ከአዞው በፊት በአካባቢው የሚዞር ይመስለኛል። አካል ነው ያጣው፤ አካሉ በሣጥን መጣለት።

በኦስትሪያ፣ በክላገንፈርት ከተማም ተመሳሳይ ነገር ሆኗል። እዚያ አደባባይ ላይ ትልቅ የድንጋይ ዘንዶ አለ። ጭንቅላቱን የሠሩት እ.ኤ.አ. በ1335 ከተገኘ የራስ ቅል አይተው ነው። የራስ ቅሉ የዘንዶ ሳይሆን በበረዶ ዘመን የኖረ ባለ ጠጉር አውራሪስ ሆኖ ተገኘ።

ልጅቷ "ኮሞዶ ድራጎንስ?" አለች። ስለ እርሱ ፊልም አይታለች። በኢንዶኔዥያ ደሴቶች የሚኖረው ይህ እንሽላሊት 3 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ አጋዘን ይገድላል። ነገር ግን የአውሮፓ ሳይንቲስቶች ስለ እርሱ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። የአውሮፓን ተረት እርሱ ሊፈጥር አይችልም። ስሙን የሰጠው ተረቱ ነው። ይህንን ስነግራት ትንሽ ቅር አላት።

ወደ እኛ አገር እንመለስ። አማርኛ የሚማር ሰው አንድ ነገር ያደናግረዋል። "ዘንዶ" ሁለት ነው። አንዱ እውነተኛ እባብ ነው፤ በኢትዮጵያ ቆላ ውስጥ ይኖራል፣ መርዝ የለውም፣ አድኖ የያዘውን ጠምጥሞ ጨምቆ ይገድላል። 5 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ፍየልም ይውጣል። ሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ላይ ሆኖ በጦር የሚወጋው ነው። በአውሮፓ ቋንቋዎች ለሁለቱ ሁለት የተለያየ ስም አለ። በአማርኛ ግን አንድ ቃል ነው። ልጅቷ ክፍሏ ውስጥ ችግር የገጠማትም እዚህ ላይ ነበር። እናቴ "ዘንዶ" ስትል ትልቅ እባብ ማለቷ ነው፤ በተረቱ ውስጥ እሳትም ክንፍም የለም። ልጅቷ ወደ ጀርመንኛ ስትመልሰው ግን ክንፍና እሳት ያለው ሆነ። ክፍሉ የሳቀው ባልተነገረ ነገር ላይ ነው።

ይህን ሳብራራ እህቴ ቡናዋን አስቀመጠችና "እኔም እኮ አላወቅሁም" አለች።

በዕብራይስጥም እንዲሁ ነው። እስራኤል የምትኖሩ አንባቢዎች ታውቁታላችሁ፤ "ታኒን" ዛሬ አዞ ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ ግን የባሕር አውሬም ዘንዶም ነው። በቂሳርያ አቅራቢያ የታኒኒም ወንዝ፣ ማለትም የአዞዎች ወንዝ፣ አለ። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ድረስ በዚያ እውነተኛ አዞዎች ነበሩ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ከተማ ልዳም ከዚያ ሩቅ አይደለችም። የእኛ ትውፊት ቅዱሱ ብሩታዊትን ያዳነበትን ዘንዶ በቤይሩት ያደርገዋል፤ ያም ከዚያው የባሕር ዳርቻ ወደ ሰሜን ነው። የዚያ አገር ሰው ውሃ ሊቀዳ ሲወርድ የሚፈራው ነገር ነበረው።

ያንን ፍርሃት እኔም አንድ ጊዜ ቀምሼዋለሁ። ከአርባ ምንጭ ወጥቼ በጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሄጃለሁ። የአዞ ገበያ የሚባል ቦታ አለ፤ አዞዎቹ ዳርቻው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ ተሰብስበው የሚታዩበት ነው እንጂ የሚሸጥ የሚለወጥ ነገር የለም። ጀልባ ነጂው "እጃችሁን ወደ ውስጥ" አለን። እኔ የማየው ግንድ ነበር። ከዚያ ግንዱ ዓይን አወጣ። የአዞ ዓይንና አፍንጫ ከራሱ አናት ላይ ስለሆኑ ሌላው አካሉ ውሃ ውስጥ ተደብቆ እርሱ ያያችኋል። ዳርቻ ላይ ያሉት አፋቸውን ከፍተው ተቀምጠዋል። ሙቀት ለማስወጣት ነው እንጂ ለመብላት አይደለም፤ ይህን ግን በኋላ ነው ያነበብኩት። ያን ጊዜ የታየኝ የተከፈተው አፍ ብቻ ነው። ስልኬን ማውጣት ረሳሁ። ለጓደኞቼ ስነግር አንዱን አዞ 7 ሜትር አደረግሁት። እውነቱ 4 ቢሆን ነው።

ይህንን ለልጅቷ ስነግራት ሳቀች። "አንተም ትዋሻለህ!"

"ፈርቼ ነበራ።"

"ታዲያ አርዌ ነበር ወይስ አልነበረም?"

ይህን ጥያቄ ፈርቼው ነበር። ልጅን ማታለል አልወድም፤ የእናቴን ቃልም ማፍረስ አልፈለግሁም። "ዘንዶ አገር አልገዛም" አልኳት። "ፍየል የሚውጥ ዘንዶ ግን አለ፤ ዛሬም። የፈራው ሰውም ነበር። ያ ሰው ለልጁ ነገረው፤ ልጁም ለልጁ። ሲነገር ሲነገር ዘንዶው አደገ።"

"7 ሜትር ሆነ።"

"አዎ፣ 7 ሜትር ሆነ።"

ጽዋዋን ጨረሰች። ከዚያ እጇን ዘረጋችና "ስልክህን" አለች።

ቅዳሜ ነበር። እናቴ በመጀመሪያው ጥሪ አነሳች። ልጅቷ ሰላምታም አልሰጠቻት። "እማማ፣ እዚህ አገርም ዘንዶ ገድለዋል! በ... በኖራ! በሬ ውስጥ ኖራ ከተቱ!"

"ውይ እማዬ! የት አገር ነው እሱ?"

"አጎቴ አገር። ግን ዘንዶው አዞ ነው። ተሰቅሏል።"

እናቴ ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ገበያ ላይ እቃ እንደምትገዛ ሰው ሆና፣ "ስንት ክንድ ይሆናል?" አለቻት።

ልጅቷ ወደ እኔ ዞረች። ክንድ ምን እንደሆነ አታውቅም። ከክርን እስከ ጣት ጫፍ መሆኑን በራሷ እጅ አሳየኋት። ኮቷን ሳትቆልፍ ተነሳች፤ እኔ ሒሳብ ለመክፈል ስቸኩል፣ እህቴ እየጮኸች ስትከተላት፣ ልጅቷ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ትሮጣለች። ስደርስ ስልኩን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ከአዞው ራስ ሥር ተንበርክካ፣ ክንዷን ድንጋዩ ላይ እያጋደመች ወደ ጭራው ትሄዳለች። ሰዎች ዙሪያዋን እየዞሩ ያልፋሉ። ከስልኩ ውስጥ እናቴ "ቀስ ብለሽ ቁጠሪ፣ አትዝለይ" ትላታለች።

"አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት..."